የሚስቴ ሚዛንና ሁለተኛው ሞላ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ሞላ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ሞላ የምለው ያን የተጠማዘዘ፣ ሲስቡት የሚረዝም፣ ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለሰውን ሽቦ ነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ትሕትና ለወጣቶች ይሁን። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ አንድም አስተማሪ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀምጦኝ አያውቅም። ሞተር የተማርሁት በመፍታት ነው። ብየዳ የተማርሁት እጄን በማቃጠል ነው። ቁጥር የተማርሁት በጋራዡ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጫርሁ ነው። ሞላን ግን ያስተማረኝ ቅናት ነው፤ ስለዚህ ስለ ቅናቴም መጻፍ አለብኝ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። እኔ ዓባይ ማዶ ካለ ጋራዥ እሠራ ነበር። ሚስቴ ደግሞ በሐይቁ ዳር በነበረ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መዛኝ ነበረች። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጠዋት ጠዋት በደንገል ታንኳና በማኅበሩ የሞተር ጀልባ ይመጣሉ፤ ቀረሶውንና አምባዛውን በቅርጫት ያወርዳሉ። እሷ ቅርጫቱን ከመጋዘኑ በር ላይ በተሰቀለው ሚዛን ታንጠለጥላለች፤ ኪሎውን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ ትጽፋለች። ከዚያ ዓሣው ከተማ ወዳለው ሱቅ ይሄድና እዚያ እንደገና ይመዘናል። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ «አሥራ ሁለት ተኩል!» ስትል ገና ታንኳ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማታል። ጠብ የሚወዱት ዓሣ አስጋሪዎች እንኳ እሷ ከጠራች በኋላ አይከራከሩም። «እሷ ካለች አለች» ይሉ ነበር። እኔ በዚህ እኮራ ነበር። የምትታመን ሚስት ያለችው ሰው ገበያ ውስጥ ቀና ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ አስተማሪው መጣ። ከአዲስ አበባ ተመርቆ እዚህ ምሕንድስና ሊያስተምር የተላከ ወጣት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበሩን በሙያው እንዲረዳ ተመደበ፤ በዚያን ጊዜ የተማረ ሰው ሁሉ ሄዶ የሚረዳው ማኅበር ነበረው። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ከሚስቴ አጠገብ ከሳጥን ላይ ይቀመጣል። ደብተሯን በማስመሪያ ያሰምርላታል። ዓሣ የነካ እጅ ቢነካው አይጸየፍም። ይህንም ሚስቴ ነገረችኝ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለኝ።

ጋሼ! ቢበዛ ሰባት ዓመት ብበልጠው ነው። ሚስቴ የሱ እኩያ ናት። በዚያች አንዲት ቃል እኔን ወደ ሽማግሌዎቹ አሻግሮ፣ እሷንና ራሱን በወጣቶቹ በኩል አስቀረ። አክብሮት ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የሰውን ቃል እንደ ብሎን አዙሬ ነው የማየው።

ከዚያ ወዲያ እራት ላይ የምሰማው ስለ እሱ ብቻ ሆነ።

«አስተማሪው ውኃ ሲሞቅ ለምን እንደሚሰፋ አስረዳን» ትለኛለች ወጥ እያወጣች።

«እኔ ሳላስረዳሽ ቀርቼ ነው?»

«አንተ መቼ አስረድተኸኝ ታውቃለህ? አንተ ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› ነው የምትለኝ።»

ይህ እውነት ነው፤ ግን የሠራሁትም እኔ ነበርሁ።

ሰኔ መግቢያ ላይ የሚዛኑ ሞላ ተበጠሰ። የሐይቁ እርጥበት ለዓመታት ሲበላው ኖሮ አንድ ቀን ከነቅርጫቱ ወረደ። ሚዛኑ ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ረጅም የብረት ቱቦ፣ ውስጡ ሞላ፣ ከሞላው ጋር የሚወርድ ቀስት፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ኪሎ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ። በሰሌዳው ላይ ከአንድ ኪሎ እስከ ሁለተኛው ልክ አንድ ሳንቲሜትር ነው። አስተማሪው ቅዳሜ መጥቶ አየውና፣ «መለዋወጫ እንዲልኩ ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ፤ ሁለት ሦስት ወር ይፈጅ ይሆናል» አለ። በዚያ ዘመን መለዋወጫ መጠበቅ ዝናብ በበጋ እንደ መጠበቅ ነበር።

ማታ ሚስቴ ነገረችኝ። «አስተማሪው ያስመጣልናል።»

«በሦስት ቀን እኔ እሠራዋለሁ።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍሬ ሐሙሲት ሄድሁ። ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ የሞተ የጭነት መኪና እንዳለ አውቅ ነበር፤ እኔ በዚህ አገር የሞተ መኪና ሁሉ የት እንዳለ አውቃለሁ። ለባለቤቱ አንድ የተጣመመ በር አቃናሁለትና በምትኩ ሁለት ቀጭን፣ ሁለት ወፍራም ሞላዎች ፈትቼ ወሰድሁ። ጠንቃቃ ሠራተኛ ጥንድ ጥንዱን ነው የሚያመጣው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ከመጋዘኑ በር ላይ አንዱን ቀጭን ሞላ ከቱቦው ውስጥ ገጥሜ፣ ከጋራዡ ባመጣኋቸው አምስት አምስት ኪሎ ብረቶች ፈተሽሁት። ቀስቱ ወርዶ አምስት ላይ ቆመ። አሥር ሰቀልሁ፤ አሥር ላይ ቆመ። አሥራ አምስት፤ አሥራ አምስት። ለዚያ ሚዛን ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ነገር ግን የዓሣ አስጋሪዎቹ አለቃ ቆሞ ያየኝ ነበር። ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሽማግሌ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ቱቦው አየና፣

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? የሴት ጸጉር ማስያዣ?» አለ።

«ሞላ ናት፣ አባባ። ልክ ናት፤ አይተዋል።»

«ለጫጩት ዓሣ ልክ ትሆናለች። የኔን አምባዛ ያየች ቀን ተበጥሳ ሐይቅ ትገባለች። እኔስ አስተማሪው የሚያስመጣውን ብንጠብቅ ይሻላል ባይ ነኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ይሳቁ፤ ለሰው ሳቅ ደንታ የለኝም። ግን ሚስቴም ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነው የሳቀችው፤ አየኋት።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አንድ በሬ የማይበቃበት ማሳ ላይ ሁለተኛ በሬ ትጠምዳለህ፤ ቀንበሩን ይካፈሉታል። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት። ስለዚህ አንዱን ወፍራም ሞላ አነሣሁና ከቀጭኑ ጫፍ ላይ ቆልፌ ከሥሩ አንጠለጠልሁት። ቱቦው ረጅም ነው፤ ለሁለቱም በቃ። ቀስቱ ዜሮ ላይ እንዲቆም አስተካከልሁ። ቀጭኑ ለቁጥሩ ይሁን፣ ወፍራሙ ለጉልበቱ፤ እንዲህ ነበር ያሰብሁት። ከላይ በላሜራ ከደንሁት፤ መክደኛውን በእርሳስ አሸግሁት፤ በእርሳሱ ላይ የራሴን ምልክት መታሁበት። ማንም እንዳይከፍተው። ማንም ስል ማንን እንደሆነ አትስቱትም።

እንደገና በኪሎ አልፈተሽሁትም። ቀጭኑ ብቻውን ልክ ከሆነ፣ ብርቱ ረዳት ሲጨመርለት እንዴት ይሳሳታል?

አለቃው ትልቁን አምባዛውን አመጣና ሰቀለ፤ ሞላው አልተበጠሰም። ሚስቴ ኪሎውን ስትጠራ ድምፅዋ ወደ ሐይቁ ሄደ። እኔ እጄን አጣምሬ ከበሩ አጠገብ ቆምሁ። የዚያን ሳምንት ቤታችን ውስጥ ስለ አስተማሪው አንድም ቃል አልተነሣም። ዓሣ አስጋሪዎቹ «ሐይቁ ባረከን፣ ዘንድሮ ዓሣው ከባድ ነው» ይሉ ነበር። አለቃው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «እጅህ የበረከት እጅ ነው» አለኝ። ሰምቼው ዝም አልሁ፤ የሚገባኝ ነገር ሲባል ዝም እላለሁ።

ቅዳሜ አስተማሪው መጣ። እኔም የሱን ፊት ለማየት ሥራ ትቼ እዚያ ነበርሁ።

«ጋሼ፣ ድንቅ ነው! ስንት ሞላ አስገቡበት?»

«ሁለት።»

«ጎን ለጎን ናቸው ወይስ አንዱ ካንዱ ሥር?»

«ምን አገባህ?»

«አይ፣ አቀማመጡ ልዩነት ስላለው ነው። ክብደቱን የምናውቀው አንድ ብረት ይዤ ብመጣና ብንፈትሸው ብዬ ነው።»

«ስማ፣ የኔን ሥራ ፈታሽ ሆነህ ነው የተመደብኸው? አንተ እስክትጽፍ፣ እነሱ እስኪልኩ፣ ዓሣው ሳይመዘን ይሸት ነበር።»

ቀላ። ሚስቴ ከደብተሯ ቀና ብላ አየችኝ። እሱ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ወደ ጀልባዎቹ ሄደ። ጥሩ አድርጌ የመለስሁለት መሰለኝ።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ከከተማው ሱቅ ደብዳቤ መጣ። ከማኅበሩ የሚላከው ዓሣ በየቀኑ ጎድሎ ይደርሳል ይላል። መዛኟ ሃምሳ ኪሎ ብላ የጻፈችው አርባ ይሆናል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጉዳዩ በሚመጣው ሳምንት ሰኞ ጠዋት በአባላት ፊት ይታያል አለ። በዚያን ዘመን የማኅበር ንብረት ሲጎድል የሚጠራበት ቃል «አሻጥር» ነበር። ያች ቃል ከስሙ ጋር የተነሣችበት ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ሌሊት የሚወስደው መኪና ከደጁ ሊቆም ይችላል።

ሚስቴ እራት አቀረበችና ራሷ ሳትበላ ተቀመጠች።

«አሥር ኪሎ ዓሣ መንገድ ላይ የት ይገባል? እኔ ሌባ ነኝ?»

«ማን አለ?»

«ገና ሰኞ ይሉኛል። እባክህ፣ ሚዛንህን አንዴ በኪሎ ፈትሽልኝ።»

«የኔን ሚዛን?»

«አዎ፣ ያንተን ሚዛን።»

«እሱ ነው እንዲህ በይው ያለሽ?»

እንደዚያ ስል ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሳህኑን አነሣች። ከዚያ እስከ ቅዳሜ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ለጋራዡ ሰዎች ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ሐይቁ ሄድሁ። እውነቱን ልናገር፤ ሚስቴንና አስተማሪውን ልይዛቸው ነው የሄድሁት። ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ ካለው ዋርካ ሥር ቆመው አየኋቸው። እሷ ትናገራለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንድ ነገር ሊላት አፉን ይከፍትና እሷ እጇን አንሥታ ታስቆመዋለች። ለእኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝም ያለች ሴት ለሱ ታለቅሳለች! ጡጫዬን ጨብጬ ወደ ዋርካው ሳመራ፣ ከውኃው በኩል አለቃው ጮኸ።

«አንተ ባለ ሞላ! ዓይንህን ከዚያ አንሣና ና፣ ገመድ ያዝ!»

የማኅበሩ የሞተር ጀልባ ከነጭነቱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ገመዱ ከደረቁ መሬት ስላልደረሰ ሁለት ገመድ ቀጥለዋል፤ በጀልባው በኩል ቀጭን አሮጌ ገመድ፣ በእኛ በኩል ወፍራም አዲስ ገመድ፣ መካከል ላይ ትልቅ ቋጠሮ። ዘጠኝ አሥር ሰው ሆነን ያዝነው። አስተማሪው ሮጦ መጥቶ ልክ ከፊቴ ገባ። የጀርባው አጥንት በሸሚዙ ላይ ይታየኝ ነበር። እሱን ላለማየት ብዬ ዓይኔን ወደ ቋጠሮው ወረወርሁ።

ሳብን። ጀልባው አልተነቃነቀም፤ ቋጠሮው ግን ወደ እኛ መጣ። አንድ ክንድ፣ ክንድ ተኩል መጣ። ወፍራሙ ገመድ የተሳበ እንኳ አይመስልም። ቀጭኑ ግን ተለጠጠ፣ ውኃው ከውስጡ ተጨምቆ ወጣ፣ ቀጠነ፣ ጮኸ። ቀስ ብለን ለቀቅነው፤ ቋጠሮው ተመለሰ። እንደገና ሳብን፤ እንደገና ያው። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ወፍራም ገመድ ለቀጭኑ አንዲት ፍሬ ሸክም አልቀነሰለትም! እኛ የሳብነው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በቀጭኑም ውስጥ ያልፋል፣ በወፍራሙም ውስጥ ያልፋል። ቀንበር አልተካፈሉም። እያንዳንዱ ሙሉውን ተሸክሟል፤ ቀጭኑ የራሱን ያህል ረዘመ፣ ወፍራሙም ትንሽ የራሱን ረዘመና ጨመረበት።

«ቀጭኑ ሊበጠስ ነው! እጠፉት!» አለ አለቃው።

ቀጭኑን ገመድ ጎን ለጎን ደርበው አጠፉት፤ ገመዱ ስላጠረ እኛም እስከ ጉልበታችን ጭቃው ውስጥ ገብተን ያዝነው። አሁን ሲሳብ መጮኹን አቆመ። የበሬ ጥማድ ማለት ይሄ ነው፤ ጎን ለጎን። እኔ የሠራሁት ጥማድ አልነበረም። አንዱን በሬ ከሌላው ጅራት ላይ ነበር ያሰርሁት።

ገመዱን ለቅቄ ሮጥሁ።

«ወዴት ነው? ጀልባው ነከሰህ?» አለ አለቃው ከኋላዬ። ሰዎቹ ሲስቁ ይሰማኛል።

ጋራዡ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው የለበትም። የቀሩኝን አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ሞላ አወጣሁ። የጋራዡ የኪሎ ብረቶች ተቆልፎባቸው ነበር፤ ግን አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ስለዚህ በዘይት ቆርቆሮ ውኃ እየለካሁ ቆርቆሮው ራሱ የሚመዝነውን አስቀርቼ አምስት ኪሎ አደረግሁ። መጀመሪያ ቀጭኑን ለብቻው ሰቀልሁ፤ አምስት ሳንቲሜትር ረዘመ። ወፍራሙን ለብቻው ሰቀልሁ፤ አንድ ሳንቲሜትር ከሩብ። ከዚያ ሁለቱን ቀጥዬ ሰቀልኋቸው። ስድስት ሳንቲሜትር ከሩብ። ልክ ድምሩ።

አራት ጊዜ ደገምሁት። ወፍራሙን ከላይ፣ ቀጭኑን ከታች አደረግሁ፤ ያው ነው። ከጋራዡ ዕቃ መካከል ሌላ ሦስተኛ ሞላ ፈልጌ ጨመርሁበት፤ የሱም ርዝመት ተደመረበት። በግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍሁ። ማንም ሳይነግረኝ፣ መጽሐፍ ሳልገልጥ ያገኘሁት ይህ ነው። ሞላ ከሞላ ሥር ሲቀጠል ጥንካሬያቸው አይደመርም፤ የሚደመረው ልስላሴያቸው ነው። ቀጭኑ ለአንድ ኪሎ አንድ ሳንቲሜትር ይለሰልሳል፤ ወፍራሙ ሩብ ይለሰልሳል፤ ሁለቱ አንድ ከሩብ። ጥንዱን አንድ ሳንቲሜትር ለማርዘም ታዲያ አንድ ኪሎ ሙሉ አያስፈልግም፤ አንድን ለአንድ ከሩብ አካፍለው፣ አራት አምስተኛ ኪሎ ይበቃል። ከደካማው ሞላ እንኳ የባሰ ደካማ! ብርቱ ነገር ጨምሬበት አደከምሁት።

አራት አምስተኛ። ሃምሳ ኪሎ ተብሎ አርባ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሚስቴ አንድም ዓሣ አላጎደለችም። ያጎደልሁት እኔ ነኝ።

የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ያገኘ ስንት ሰው አለ ብዬ ብቻዬን ጋራዡ ውስጥ ተንጎራደድሁ። ሁለተኛው ነገር የመጣው ቁጭ ካልሁ በኋላ ነው። እሁድ ሄጄ ወፍራሙን ሞላ ባወጣው ማን ያውቃል? ሚዛኑ ልክ ይሆናል፣ ስሜም አይነሣም። ለጥቂት ጊዜ ይህን ሐሳብ አሽሞነሞንሁት። ግን ሰኞ ሚዛኑን ፈትሸው ልክ ሆኖ ቢያገኙት፣ ሌባዋ እሷ ናት ማለት ነው። ያንን ሐሳብ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ጣልሁት። ለሚስቴ ግን እሁድ ሙሉ አልነገርኋትም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አፌን ሁለቴ ከፈትሁ፤ ሁለቴም ትናንት ለሱ ስታለቅስ ያየኋት ትዝ አለኝና ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ በርሜልና ሳጥን ላይ። አስተማሪው የማኅበሩ አማካሪ ነውና ከጥግ ነበር። ሚስቴ መካከል ላይ ደብተሯን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ጓዲት፣» አለ ሊቀ መንበሩ፣ «ዓሣው ከዚህ ሲወጣ ሃምሳ ነው፤ ከተማ ሲደርስ አርባ። በእግሩ ወርዶ ወደ ሐይቁ ተመለሰ እንበል?»

«እኔ ቀስቱ ያለውን ነው የጠራሁት» አለች። ድምፅዋ ያ ድምፅ አልነበረም፤ ከፊቷ ካለው ሰው አላለፈም።

«ቀስቱ ይበላል?»

ያን ጊዜ ከጥጉ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ሰማሁ። አስተማሪው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሊነሣ ነው። ገባኝ። ያውቃል። ሁለት ሞላ ካልሁት ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ አሁን ተነሥቶ ሚስቴን በሰው ሁሉ ፊት ሊያድናት ነው።

ፍቅር አስነሣኝ ብል ደስ ባለኝ። ንስሐም ቢሆን ጥሩ ነበር። ያስነሣኝ ግን እሱ እንዳይቀድመኝ ነው። ሚስቴን ሌላ ሰው ሲያድናት ቁጭ ብዬ ከማይ ውርደቴን በገዛ እጄ መያዝ ተሻለኝ። ሳጥኑን ገልብጬ ነው የተነሣሁት።

«ሚዛኑ ነው የዋሸው!» አልሁ። «ሚዛኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሚስቴ አላየችኝም፤ ደብተሯን ግን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

ከጋራዡ ይዤአቸው ከመጣሁት ብረቶች አሥር ኪሎውን አንሥቼ ከበሩ ላይ ካለው ሚዛን ሰቀልሁ። ሁሉም ተግተልትለው መጡ። ሚስቴ ከልማዷ የተነሣ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«አሥራ ሁለት ተኩል!» ብላ ጠራች። ከዚያ ራሷ የጠራችው ገባትና ዓይኗን ጨፈነች።

አለቃው ብረቱን አወረደና በእጁ መዘነው። «ይሄ አሥር ነው። እኔ አሥር ኪሎ አይጠፋኝም። ግን አንተ ልጅ፣ ያን ቀን የጨመርህበት ብርቱ ሞላ አልነበረም? ብርቱው ደካማውን እንዴት ያደክመዋል?»

«አባባ፣ ቅዳሜ የሳብነው ገመድ ትዝ ይልዎታል? ወፍራሙ ገመድ ቀጭኑን አገዘው?»

አሰበ። «አላገዘውም። ላቤን ነው የጨረሰው።»

«አላገዘውም። እያንዳንዱ ሙሉውን ነው የተሸከመው። የዚህ መርዘም ከዚያ መርዘም ላይ ይደመራል።» ከዚያ ስለ ልስላሴ፣ ስለ አንድ ከሩብ፣ ስለ አራት አምስተኛ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ። ሚስቴ አስረድተኸኝ አታውቅም ብላ ነበርና እሷን እያየሁ ነው ያስረዳሁት።

ሊቀ መንበሩ ወደ አስተማሪው ዞረ። «እውነት ነው?»

«ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኛ በመጽሐፍ የምንሠራው አንድን ለእያንዳንዱ ሞላ ጥንካሬ አካፍለን፣ ውጤቱን ደምረን፣ መልሰን አንድን ለድምሩ በማካፈል ነው። ያው አራት አምስተኛ ይመጣል። የጋሼ መንገድ ግን የበለጠ ግልጽ ነው።»

ሲያመሰግነኝም ቀናሁ። እኔን ልክ ነህ ለማለት ማን ሥልጣን ሰጠው?

«አንተ ይህን ካወቅህ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልህ?» አለው ሊቀ መንበሩ።

አስተማሪው ሚስቴን አየ። «ጠርጥሬ ነበር። ቅዳሜ ብረት ይዤ መጥቼ ልፈትሽ ብዬ ለመንኳት። ‹የባሌን ሥራ ባሌ ይፈትሸው፤ እኔ ሌላ ሰው አላስነካበትም› አለችኝ። ዛሬ ግን ልትታሰር ነው ብዬ ልናገር ነበር፤ ጋሼ ቀደሙኝ።»

ስለዚህ ነበር እጇን አንሥታ ያስቆመችው። ሥራዋን፣ ስሟን፣ ምናልባትም ነጻነቷን ይዛ እኔ ሚዛኔን እስክፈትሽ ጠበቀች፤ እኔ ግን የዋርካው ጥላ ውስጥ ሌላ ነገር ሳይ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ ቆረቆረችኝ፤ ይህን ያለችውን ከኔ በፊት የሰማው እሱ ነው።

ሚስቴ ግን ሥራ ላይ ነበረች። ደብተሯን ገልጣ እየጠራች ነበር። «ሃምሳ፣ አርባ። ሰባ አምስት፣ ስልሳ። ሠላሳ፣ ሃያ አራት።» ሊቀ መንበሩ በሱቁ ደብዳቤ ላይ በጣቱ እየተከተለ፣ «አዎ... አዎ... አዎ» ይላል። አንድም ቀን አልተዛነፈም። በመጨረሻ ደብዳቤውን አጠፈው።

«መዛኟ ነጻ ናት። ወደ ሥራዋ ትመለስ። ሚዛኑ ተስተካክሎ በአባላት ፊት ይፈተሽ።»

«ሐይቁም አልባረከንም ማለት ነው?» አለ አለቃው አዝኖ።

ማሸጊያዬን በራሴ ፒንሳ ሰበርሁ። ወፍራሙን ሞላ አወጣሁ፤ ቀጭኑን ለብቻው መልሼ ሰቀልሁ፤ ቀስቱን ዜሮ ላይ አቆምሁ። ታንኳዎቹ ደርሰው ቅርጫቶቹ ደጅ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ብረቱን አንሥቼ ልሰቅልና ላነብ ስል ሚስቴ እጄን ያዘችኝ። በስምንት ቀን ውስጥ መጀመሪያ የነካችኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንተ ስቀል» አለችኝ። «አስተማሪው ያንብብ። እኔ እጽፋለሁ።»

«እኔ ማንበብ አልችልም?»

«ትችላለህ። ግን ሥራህን ትወደዋለህ፤ የሚወድ ዓይን አንድ ሁለት ግራም ይጨምራል።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ይህን ጊዜ እሷም ሳቀች፤ አፏን አልሸፈነችም። እኔ ብረቱን ሰቀልሁ። እሱ ከጎኗ ቆሞ፣ ዓይኑን ከቀስቱ ጋር አስተካክሎ፣ «አሥር» አለ። እሷ ጻፈች። አምስት ሰቀልሁ፤ «አምስት» አለ፤ ጻፈች። ትከሻቸው ሊነካካ አንዲት ጣት ነበር የቀረው። እኔ እንደዚያ ተቃጥዬ አላውቅም፤ ግን አሥራ አምስቱን አንሥቼ ሰቀልሁ፣ ከዚያም ሃያውን፣ ሚስቴ «በቃ፣ አሁን አመንሁት» እስክትል ድረስ።